ከአበበ ቢቂላ እስከ ጡረታ የወጣው መምህር፦ የፖርትሬት ስጦታዎች ሲመዘኑ

የሚያደንቁትን ሰው ፊት በስጦታ መስጠት አሁን ቀላል ሆኗል። ፎቶውን በቴሌግራም ላክ፣ ቀብድ ክፈል፣ ከሦስት ቀን በኋላ ና ውሰድ ነው። የሸራ ህትመት አለ፣ የእርሳስ ሥዕል አለ፣ በሌዘር የተቃጠለ እንጨት አለ፣ ማግና ቲሸርት አለ፣ የቸርችል ጎዳና የቆዳ ሥዕልም አለ። ለጡረተኛ መምህር፣ ለሚመረቅ ጓደኛ፣ ለአድዋ በዓል፣ ለቢሮ ግድግዳ ይታዘዛል። ውጤቱ ግን ሎተሪ ነው። ከአንድ ቤት በአንድ ሳምንት በአንድ ዋጋ ከወጡ ሁለት ሸራዎች አንዱ ሳሎን ያደምቃል፣ ሌላው ሰውየውን የአጎቱን ልጅ አስመስሎት ቁጭ ይላል።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የማሽኑ አይደለም። ነገሩ የሚበላሸው ቀደም ብሎ ነው፤ የተላከው ፎቶ ላይ፣ ወይም "ትንሽ አሳምረው" በተባለች አንዲት ቃል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምዘና የሚያተኩረው ሱቆቹ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ነው፤ ምን ተብሎ መታዘዝ እንዳለበት፣ ሲረከቡ ምን መታየት እንዳለበት።

ብይኑን አስቀድሞ ለመናገር፦ በአካል ለምታውቁት ሰው የእርሳስ ሥዕልን የሚያህል የለም። ለታሪክ ሰው ጥሩ ምንጭ ፎቶ ከተገኘ ሸራ፤ ካልተገኘ ሸራው ይቅር። ማግ የጓደኛ ቀልድ ነው፣ እንደዚያ ተብሎ ከተሰጠ አያሳፍርም። ለአድዋ ደግሞ ባህላዊው የእጅ ሥዕል ከማንኛውም ህትመት ይበልጣል። ዋጋ እዚህ አልተጻፈም። ቀለሙም ሸራውም ከውጭ ስለሚገባ ዛሬ የተጻፈ ቁጥር በወሩ ያስቃል። የአከፋፈሉን ዘዴ ማወቅ ግን ይጠቅማል፦ ህትመት በካሬ ሜትር ይሰላል፣ የእጅ ሥዕል በወረቀቱ መጠንና በሚሣለው ሰው ቁጥር።

ሸራ

ሸራ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ሸራ አይደለም። የመንገድ ማስታወቂያ የሚታተምበት የፕላስቲክ ባነር እንጨት ላይ ተወጥሮ "ካንቫስ ነው" ይባላል። ከፊት ለፊት ሲያዩት ያታልላል። ገልበጥ ማድረግ ነው። የእውነተኛው ሸራ ጀርባ ጨርቅ ነው፤ ድሩና ማጉ በዓይን ይታያል፣ በጥፍር ሲነካ ይሻክራል። የባነር ጀርባ ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ ክር ቢኖረውም እንደ ወንፊት ሳሳ ብሎ ከፕላስቲኩ ሥር ነው የሚታየው። ፊቱም አምፖል ሥር ሲያዙት ያብለጨልጫል። ሻጩ የሸራውን ክብደት የሚያውቅ ከሆነ በካሬ ሜትር ከ300 እስከ 400 ግራም የሚሆነውን ምረጡ፤ ከዚያ የሳሳው ሲወጠር የእንጨቱ ጠርዝ ከፊት ይነበብበታል።

ቀጥሎ የፎቶው ሒሳብ አለ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ሸራ ከአንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀት የሚታይ ነገር ስለሆነ በኢንች 150 ነጥብ ይበቃዋል፣ 100 ላይም ያልፋል። 60 በ90 ሳንቲ ሜትር ሸራ በ150 ሲሰላ 3543 በ5315 ፒክሰል ያለው ፎቶ ይፈልጋል። ቴሌግራም ደግሞ ምስልን እንደ ፎቶ ሲልክ አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክሰል ያወርደዋል። 1280 ፒክሰል 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲዘረጋ በኢንች 36 ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል። ጉንጭ ላይ የሚታየው ደረጃ ደረጃ፣ የዓይን ብሌን ዙሪያ ያለው ጭጋግ፣ ሁሉም ከዚህ ይመጣል። ያው ፎቶ "እንደ ፋይል" ቢላክ ኖሮ ችግሩ አይኖርም ነበር።

የድሮ የወረቀት ፎቶ ከሆነ በስካነር ይነሣ። 9 በ13 የሆነው የአልበም ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በኢንች 600 ነጥብ) ሲነሣ 2126 በ3071 ፒክሰል ገደማ ይሰጣል፤ ለ40 በ60 ሸራ በቂ ነው። 3 በ4 የሆነው ጉርድ ፎቶ በ1200 ዲፒአይ ቢነሣ ከ30 በ40 በላይ አትግፉት፤ ከዚያ በኋላ የሚሰፋው ፊቱ ሳይሆን የወረቀቱ ቅንጣት ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ከነመስታወቱ በስልክ አንስቶ መላክ ከሁሉ የከፋው ነው። ነጸብራቁ አንድ ጎን ግንባሩን ይበላዋል፤ ስልኩ ዘንበል ካለ ደግሞ አገጩ ይሰፋል ወይም ግንባሩ ያብጣል። ፎቶውን ከፍሬሙ አውጥቶ ስካነር ያለው ፎቶ ቤት መውሰድ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

የተወጠረ ሸራ ጎን አለው፤ እሱም ከምስሉ ላይ ይቆረጣል። እንጨቱ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው በእያንዳንዱ ጎን 5 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ 60 በ90 የሚታዘዘው ምስል 70 በ100 ሆኖ መዘጋጀት አለበት። ይህ ሳይነገር ሲቀር የሰውየው ጸጉር፣ የጋቢው ጫፍ፣ የሯጩ ጣት ወደ ጎን ይታጠፋል። አንዳንድ ሱቅ ዳሩን እንደ መስታወት አገላብጦ ይሞላዋል፤ ሜዳና ሰማይ ላይ አይታወቅም፣ ነጠላ ላይ ግን ጥለቱ ሁለት ይሆናል። ፎቶው ጠባብ ከሆነ ጎኑ ጥቁር ወይም ነጭ ይሁን ማለት ይሻላል።

እንጨቱ ያልደረቀ ባህር ዛፍ ከሆነ ወራት ሳይቆይ ይጣመምና አንዱ ማዕዘን ከግድግዳው ይነሣል። የደረቀ ጥድ ጠይቁ። ጎኑ ከ60 ሳንቲ ሜትር ካለፈ መሃሉ ላይ ማገር ይግባበት፤ ከሌለው ሸራው በራሱ ውጥረት ረጃጅሞቹን እንጨቶች ወደ ውስጥ ይስባቸዋል። ከኋላ የስቴፕለሩ ሽቦዎች በየ4 እና 5 ሳንቲ ሜትሩ ይኑሩ። መሃሉን በጣት ጫፍ መታ መታ ሲያደርጉት እንደ ከበሮ ይሰማል። ጸጥ ካለ ልል ነው፤ ሐምሌ ላይ እርጥበት ሲገባ ደግሞ ይብሳል። በማዕዘኖቹ ውስጥ የሚመቱ ትናንሽ ሽብልቆች ያሉት ፍሬም ከተገኘ በኋላ ማጥበቅ ይቻላል።

"ዛሬውኑ አድርሱልን" የሚባል ሸራ የሚሰነጠቅ ሸራ ነው። በሶልቨንት ቀለም የታተመ ሸራ ቫርኒሽ ሳይቀባና ሳይታጠፍ 24 ሰዓት ማረፍ አለበት። ሲረከቡት ጠንከር ያለ የቀለም ሽታ ካለው አልደረቀም ማለት ነው። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጎኑ ላይ አሹት፤ ቀለም ከወጣ ቫርኒሽ አልተቀባም። መታጠፊያው ላይ ነጭ መስመር ከታየ ቀለሙ ተሰንጥቋል፣ መስመሩም ከዓመት ዓመት ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

የጀግና ፎቶ ሲታዘዝ

ህትመት ቤቱ "አበበ ቢቂላ" ተብሎ ከተነገረው ኢንተርኔት ላይ መጀመሪያ የመጣለትን ያወርዳል። ከዚያ ከታች "ሮም" ብሎ ይጽፋል። አበበ ሮም ላይ የሮጠው በባዶ እግሩ፣ ደረቱ ላይ 11 ቁጥር ለጥፎ ነው፤ የገባው በ2:15:16። ቶኪዮ ላይ ጫማና ካልሲ አድርጎ 17 ቁጥር ለብሷል፤ የገባው በ2:12:11። ጫማ ያደረገው አበበ ሥር "ሮም" ተብሎ የተጻፈበትን ሸራ ቢሮው ላይ የሰቀለ ሰው ለሚያውቅ እንግዳ የሚለው የለውም። ቁጥሩን ማየት አንድ ሰከንድ ነው።

ቀኑም ይሳሳታል። የሮሙ ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! "1953" ብለው የሚያትሙት ከፈረንጁ 1960 ላይ 7 ቀንሰው ነው። ደንቡ ደግሞ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ዓመት ማብቂያ 7፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ነው። የቶኪዮው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ላይ ያርፋል። አድዋ ላይ ስህተቱ ይበልጥ አስቂኝ ነው፦ "የካቲት 23 ቀን 1896" ይላል ቲሸርቱ፤ ቀኑ የእኛ፣ ዓመቱ የእነሱ። 1888 ነው።

ሌላው የማይታይ ስህተት የተገለበጠ ምስል ነው። ዲዛይነሩ ጽሑፍ በቀኝ በኩል እንዲገባለት ምስሉን እንደ መስታወት ያዞረዋል፤ የማልያው ፊደል እንዳያጋልጠው ደግሞ ያደበዝዘዋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ላይ ግን አይደበቅም፦ ሲሮጥ የሚታጠፈው ግራ ክንዱ ነው፣ ልጅ ሳለ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የያዘው ልማድ። ቀኝ ክንዱን ያጠፈ ኃይሌ ከታየ ምስሉ ተገልብጧል። ለጓደኛም ያው ነው፤ የጸጉር ክፍፍል፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የጋብቻ ቀለበትና የእጅ ሰዓት የትኛው ጎን እንዳሉ ከዋናው ፎቶ ጋር ይመሳከር።

አቆራረጥም ትርጉም ያጠፋል። ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ ነሐሴ 1 ቀን 1984 የ10,000 ሜትር ወርቅ ካገኘች በኋላ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ጋር ተያይዘው ሜዳውን ዞረዋል። ሱቆች ሸራው ቁመት ስላለው ማየርን ቆርጠው ደራርቱን ብቻዋን ያስቀሯታል። የቀረው ፈገግ ያለች ሯጭ ፎቶ ነው፤ ያ ቀን ግን ከሥዕሉ ወጥቷል። እንዲህ ያለውን ምስል በወርድ፣ 90 በ60 አሳትሙት።

አንዳንዶቹ ደግሞ ፎቶ የላቸውም፤ ህትመት ቤቱ ግን ያትማል። የአጼ ቴዎድሮስ ምስል ተብሎ የሚዞረው የሠዓሊ እጅ ሥራ ነው። እሱን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ "እንደ ፎቶ" ማድረግ ማንንም የማይመስል ጢማም ሰው መፍጠር ነው። ቅዱስ ያሬድ የ6ኛው መቶ ዘመን ሰው ነው፤ የሚታወቀው በመልኩ ሳይሆን በምልክቱ ነው፦ መቋሚያው፣ ጸናጽሉ፣ ሦስቱ ወፎች፣ የአጼ ገብረ መስቀል ጦር እግሩ ላይ ተተክሎ ሁለቱም በዜማው ተመስጠው ሳያውቁት። ለእነዚህ ሰዎች ሠዓሊ ፈልጉ፤ ማሽን ይቅር።

"ጥራቱን ጨምሩልኝ"

የደበዘዘ ፎቶ ሲቀርብ ብዙ ቤቶች ፊት የሚያጠራ አፕሊኬሽን ውስጥ ያስገቡታል። ውጤቱ መጀመሪያ ያስደንቃል፤ ዓይኑ ጠርቷል፣ ሽፋሽፍቱ ተቆጥሯል። ችግሩ ማሽኑ ያላየውን አያጠራም፤ ከሌሎች ሰዎች ፊት ገምቶ ይሞላል እንጂ። የአያት ፎቶ ላይ ያንን መከታተል ይቻላል። ግንባሯ ላይ ያለው የመስቀል ንቅሳት ለማሽኑ ቆሻሻ ነው፣ ያጸዳዋል። የአንገቷ ንቅሳት የጥላ ቅሪት ይመስለዋል፣ ያለሰልሰዋል። የተነቀሰው ድዷ ሮዝ ይሆናል። ፍንጭቷን ይደፍነዋል። ቆዳዋን ደግሞ አንድ ደረጃ ያፈካዋል። ልጆቿ ሸራውን ሲያዩ "ቆንጆ ነው" ይላሉ፣ ትንሽ ቆይተው "ግን እሷ አይደለችም" ይላሉ፤ ምኑ እንደሆነ ግን አይይዙትም። ይኸው ነው።

ማዘዣው ላይ "አቧራና ጭረት ይነሣ፣ ፊት አይነካ" ብላችሁ አስጽፉ። ትንሽ የደበዘዘ እውነተኛ ፊት በትንሽ መጠን፣ ለምሳሌ በ20 በ30፣ ያምራል።

ጥቁርና ነጩን ቀለም ማልበስም እንዲሁ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ካባ አንዱ ሸራ ላይ አረንጓዴ፣ ሌላው ላይ ሐምራዊ የሚሆነው ሁለቱም ግምት ስለሆኑ ነው። ሰንደቅ ዓላማ ካለበት አረንጓዴው ከላይ፣ ቢጫው መሃል፣ ቀዩ ከታች መሆኑን እዩ፤ ተገልብጦ የታተመም አይጠፋም። ጥቁርና ነጭ ፎቶ እንደ ጥቁርና ነጭ ቢታተም ምን ይጎድለዋል?

የእርሳስ ሥዕል

ይህ ከሁሉም በላይ ገንዘቡን የሚያወጣው ነው፣ ሠዓሊው እውነተኛ ከሆነ። የመጀመሪያው ጥያቄ "በእጅ ነው ወይስ ታትሞ የተነካካ?" መሆን አለበት፤ በፈዛዛው አትሞ ከላይ በእርሳስ የሚደግም አለ። መለያው ቀላል ነው። ወረቀቱን አዘንብላችሁ በመብራት ስታዩት ጠቆር ያለው የእርሳስ ቦታ ብልጭ ይላል፤ ህትመት ብቻ የሆነው ቦታ አይበልጭም።

ኤ3 መጠን ለአንድ ሰው ተስማሚ ነው፤ ጭንቅላቱ ከ15 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ኤ4 ላይ ሁለት ሰው ካስገባችሁ ዓይኖቹ የምስር ፍሬ ያክላሉ፣ ሠዓሊው ምንም ቢችል የሚገልጸው ቦታ የለውም። ወረቀቱ 200 ግራምና ከዚያ በላይ ይሁን። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ሲደጋገምበት ይላጣል፣ ውሎ አድሮም ቢጫ ይሆናል።

የጠይም ሰው ፊት ላይ ብዙ ሠዓሊዎች ይፈራሉ። ኤችቢና 2ቢ የሚባሉትን ፈዛዛ እርሳሶች ብቻ ስለሚጠቀሙ ፊቱ አመድ የነካው ይመስላል። ጥሩው ሠዓሊ በጣም እስከሚጠቁረው እስከ 8ቢ ይወርዳል፣ አንዳንዱ ከሰል ይቀላቅላል፤ ግንባሩና የጉንጩ አጥንት ላይ ያለውን ብርሃን ደግሞ ወረቀቱን ሳይነካ ይተወዋል። የቀድሞ ሥራዎቹን ስትጠይቁ የጠይም ሰው ሥዕል አሳየን በሉ። ከዚያ ዓይኑን እዩ። ሁለቱም ብሌኖች ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ በአንድ አቅጣጫ መሆን አለባት፤ አንዷ በቀኝ ሌላዋ በግራ ከሆነች ሰውየው ሁለት ፀሐይ ያያል። ነጠላ ካለ ጥለቱን ተከተሉ፦ ጨርቁ ሲታጠፍ ጥለቱም ታጥፎ መስበር አለበት፣ ቀጥ ብሎ ካለፈ የተለጠፈ ነው። ሹሩባ ከሆነ መስመሮቹ ቁጥራቸው ከፎቶው ጋር ይስማማ እንደሆነ ቁጠሩ።

በየደረጃው ፎቶ እንዲላክላችሁ ተስማሙ፦ አንድ ጊዜ መስመሩ ሲያልቅ፣ አንድ ጊዜ ዓይንና አፍንጫው ሲገባ። የአፍንጫና የላይኛው ከንፈር ርቀት ከተሳሳተ መልኩ ይጠፋል፤ በዚያ ደረጃ በላጲስ ይታረማል፣ ጥላው ከገባ በኋላ ግን አይታረምም።

በጣም የሚታዘዘው ያረፈውን አባት ከተመረቀው ልጅ ጎን ማስቀመጥ ነው። እዚህ ላይ ፎቶዎቹ የተለያየ ብርሃን አላቸው። የአፍንጫው ጥላ በአባትየው ላይ ወደ ግራ፣ በልጁ ላይ ወደ ቀኝ ከወደቀ ሥዕሉ ለምን እንደማያሳምን ማንም ሳይገባው ይኖራል። ሠዓሊው አንዱን ፊት እንደገና እንዲያበራው ይነገረው፤ ይህ ተጨማሪ ሥራ ስለሆነ ተጨማሪ ይጠይቃል፣ ይገባዋልም። ከተቻለ ግን ወረቀት ላይ ከማገናኘት በፊት ከአንድ ዓይነት ብርሃን የተነሡ ሁለት ፎቶዎችን መፈለግ ይቀላል።

ሲያልቅ ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሳሳ ያለ የመጠበቂያ ስፕሬይ ይረጫል። አንዴ ወፍራም ከተረጨ ያጠቁረዋል። ፍሬሙ ሲገባ መስታወቱ ወረቀቱን መንካት የለበትም። በዙሪያው የሚገባው ወፍራም ካርቶን ለጌጥ ብቻ አይደለም፣ መስታወቱን የሚያርቀው እሱ ነው። ካርቶኑ ከሌለ ክረምት ላይ ወረቀቱ ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል፣ ሲላቀቅ እርሳሱ መስታወቱ ላይ ይቀራል።

ማግ፣ ቲሸርት፣ እንጨት

ማግ የሚታተመው በሙቀት ነው፤ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ፣ ሦስት ደቂቃ ገደማ። ልዩ ሽፋን የሌለው ኩባያ ቀለሙን አይቀበልም፣ ስለዚህ ከቤት ያመጣችሁትን ኩባያ "አትምልን" አይባልም። ማተሚያው ነጭ ቀለም የለውም፤ ነጩ ራሱ ኩባያው ነው። እጀታው አጠገብ ሙቀቱ በደንብ ስለማይደርስ የሚጻፈው ይፈዛል፤ ከእጀታው ሁለት ሳንቲ ሜትር ይራቅ። በቀኝ እጁ የሚጠጣ ሰው የሚያየው አንዱን ጎን ነው፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሌላውን። የጓደኛው ፊት ወደ ጠጪው፣ ቀልዱ ወደ ታዳሚው ይሁን። በሽቦ ከታጠበ ጓደኝነቱ በዓመቱ ይፋቃል።

ቲሸርት ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ጥጥ ነው ወይስ ፖሊስተር? ሰብሊሜሽን (ቀለሙ በሙቀት ጨርቁ ውስጥ የሚገባበት ህትመት) የሚይዘው ፖሊስተር ላይ ነው። ጥጥ ላይ ከተሠራ ሁለተኛ እጥበት ላይ ጀግናው ይሰናበታል። ለጥጥ ዲቲኤፍ (ፊልም ላይ ታትሞ በሙቀት የሚለጠፈው) ይሻላል፤ እሱም ደረት ሙሉ ከሆነ እንደ ላስቲክ ያልባል፣ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይበቃዋል። 24 ሰዓት ሳይሞላው አይታጠብ፤ ሲታጠብ ተገልብጦ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ምስሉ ላይ ካውያ ሳይነካው።

ሌዘር እንጨት ላይ የሚያምረው ጢም፣ ሽበትና የፊት መስመር ያለው ሰው ነው። ለስላሳ የወጣት ፊት ጥፍት ይልበታል፣ በጥላ የተነሣ ፊት ደግሞ ከሰል ይሆናል። 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይጣመማል፤ ወፈር ያለውን ጠይቁ።

የአድዋ ሥዕል

የቸርችል ጎዳናዎቹ የስጦታ ዕቃ ሱቆች ውስጥ ቆዳ ላይና ጨርቅ ላይ የተሣለው አድዋ በየመጠኑ ተደርድሯል። አብዛኛው ለቱሪስት በጥድፊያ የተሠራ ነው፣ ጥሩውም ግን መሃሉ አለ። ጥሩው ሕጉን ያውቃል። የእኛ ሰዎች ፊታቸው ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይናቸውም ይታያል፤ ጠላት በጎን ይሣላል፣ በአንድ ዓይን። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ከላይ ነው። አጼ ምኒልክ ጃንጥላ ሥር፣ እቴጌ ጣይቱም በፈረስ፣ ብዙ ጊዜ ሽጉጥ ይዘው። ሠዓሊው ሲቸኩል ጣሊያኖቹን በሁለት ዓይን ይሥላቸዋል፣ ወይም ቦታ ሲያጥረው እቴጌይቱን ያስቀራቸዋል። እቴጌ ጣይቱ የሌሉበትን የአድዋ ሥዕል አትግዙ።

ቆዳው ላይ ጸጉር የቀረበት፣ የሚሸት ወይም ሲነካ የሚያጣብቅ ከሆነ በደንብ አልተፋቀም፣ አልደረቀም፤ ይጠቀለላል፣ ቀለሙም ይላጣል። ዙሪያውን በጠፍር ፍሬም ላይ የተወጠረው ከተጣበቀው ይሻላል፣ ሲረግብ እንደገና ይጠበቃል።

ማዘዝና መረከብ

ቀብድ ግማሽ ነው፤ ከዚያ በላይ አትክፈሉ። ደረሰኙ ላይ መጠኑ በሳንቲ ሜትር፣ የእንጨቱ ውፍረት፣ "ሸራ" የሚለው ቃል፣ የሚጻፈው ጽሑፍ ፊደል በፊደል ይኑር። ስም ላይ ሰውየው ራሱ እንዴት እንደሚጽፍ ጠይቁ፤ ኃይሉን "ሀይሉ"፣ ሠናይትን "ሰናይት" ብሎ ለራሷ መስጠት ያስቀይማል። ጽሑፉን በቴሌግራም መልእክት ብቻ አትላኩ፤ የድሮ የግእዝ ፎንት የሚጠቀም ዲዛይነር ጋ ሲለጠፍ ፊደሉ አራት ማዕዘን ይሆናል፣ እሱም ከራሱ ይተይበዋል፣ ስህተቱ እዚያ ይገባል። በእጅ ጽፋችሁ ፎቶውንም አያይዙ። ከመታተሙ በፊት ናሙናውን በስክሪን አሳዩን በሉ። "መብራት ጠፋ፣ ማሽኑ ተበላሸ" ስለማይቀር ከበዓሉ ቢያንስ ሳምንት ቀደም ብላችሁ እዘዙ። ለየካቲት 23 ደግሞ ሁሉም የሚነቃው በመጨረሻው ሳምንት ነው።

ውጭ አገር ላለ ሰው ከሆነ ሸራው አይወጠር። ዙሪያውን 5 ሳንቲ ሜትር ትርፍ አስቀርታችሁ ምስሉን ወደ ውጭ አድርጋችሁ ጠቅልሉት፤ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ቀለሙ ይጨመቅና ይሰነጠቃል። ቱቦው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። የእርሳስ ሥዕል ግን አይጠቀለልም፤ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሃል ጠፍጣፋ ሆኖ ሻንጣው ሥር ይገባል። ቆዳ ከሆነ የሚገባበት አገር ጉምሩክ የእንስሳት ውጤት እንደሚያሳልፍ ይጣራ።

ሲሰቀል በሁለት ሚስማር ይሁን፤ በአንድ ሚስማር የተሰቀለ ሥዕል በር በተዘጋ ቁጥር ይዘማል። የሥዕሉ መሃል ከወለሉ 150 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ያርፍ። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ማገሩን አንኳኩታችሁ እሱ ላይ ምቱ። ከመስኮት ትይዩ አይሁን። ቡና ከሚቆላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ጥግም ራቅ ይበል፤ ቫርኒሽ የሌለው ሸራ ጭሱን ይጠጣል፣ መጀመሪያ የሚጠቁረውም ነጩ ነጠላ ነው።